ከአንዲት ልጅ መዝገብ እስከ ሕጉ

አማራ ክልል፣ ኮን ከተማ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ሕግ የምትማረው ወጣት ጥያቄዋን አነሣች። የተጠየቁት በቀበሌያቸው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በዳኝነት ያገለገሉ እናት ናቸው።

«እማማ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአዲስ አበባ ማኅበር አይደል እንዴ? ለእኛ ምን አደረገ?»

«የተጀመረው እዚያ ነው፤ በእነ መዓዛ አሸናፊ፣ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ። ገንዘብ ለሌላት ሴት በነጻ ጥብቅና ይቆሙላታል። አበራሽ በቀለን ታውቂያታለሽ?»

«‹ድፍረት› የሚለውን ፊልም አይቻለሁ።»

«የእሷ ታሪክ ነው። አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ ተጠለፈች። የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ሸሸች፤ ሲያሳድዳት ተኩሳ ገደለችው። ነፍስ በማጥፋት ስትከሰስ ማኅበሩ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት።»

መልሱ ወጣቷን አላረካትም። «እሷስ ነጻ ወጣች፤ የቀሩት?»

«እሱን ነው የምነግርሽ» አሉ አዛውንቷ፣ ጀበናውን አስቀምጠው። «የ1949ኙ የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊው ልጅቱን በፈቃዷ አገባት ከተባለ ክሱን ያስቀር ነበር። ሽማግሌ ይላካል፣ ቤተሰብ ይታረቃል፤ የእሷን ፈቃድ ማን ጠይቆ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሴት በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር። ማኅበሩ በየችሎቱ ያየውን ይዞ፣ ሕጉ ራሱ ይለወጥ ብሎ ተነሣ። በ1992 የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻውን ዕድሜ 18 አደረገ፣ ባልና ሚስትንም እኩል አስቀመጠ። በ1995 የአማራ ክልል የራሱን አወጣ፤ እኛ ዘንድ የሚሠራው ይኸኛው ነው። በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ጋብቻ የጠላፊ መሸሸጊያ መሆኑ ቀረ።»

«መንግሥት ዝም አላቸው?»

«ምን ዝም ይላል! በ1994 መባቻ ማኅበሩ ታግዶ ነበር። የ2001ዱ አዋጅ ግን ባሰ፤ በመብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ከለከለ። ሠራተኛው ተበተነ፣ ነጻ ጥብቅናው ሳሳ። ገደቡ የተነሣው በ2011 ነው።»

«ሕጉ ካለ ታዲያ ልጆች ለምን ይዳራሉ?»

«ዕድሜዋን የሚናገረው አባቷ ነዋ! ‹18 ሞልቷታል› ይላል፤ የልደት ወረቀት የለም። አንቺ ትምህርት ቤት ሂጂና አንደኛ ክፍል ስትገባ የተጻፈውን ዕድሜ አስወጪ። የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አመልክቺ፤ ጠላው ከተጠነሰሰ ወዲያ ማስቆም ይከብዳል።»

ወጣቷ ደብተሯን አወጣች። «የክትባት ካርድስ ያገለግላል?»

«ከተገኘማ! ካርዱ ጠፋ ካሉሽ ጤና ጣቢያው መዝገብ ይኖረዋል፤ እሱን ጠይቂ።»