በድንገት «ተናገሩ» ስንባል ምን እንበል?



በኤን ጋኒም ባለ አንድ ትምህርት ቤት አሴፋት ሆሪም ላይ ተቀምጠናል እንበል። ርእሰ መምህሯ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ ሊቆም እንደሚችል ይገልጹና «ከወላጆች የሚናገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልባችን ይመታል። በአማርኛ የሞላው ሐሳብ በዕብራይስጥ ይጠፋብናል። ቃል ስንፈልግ ስብሰባው ያልቃል። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ሁላችንም ተናጋሪ ነን።

«ዝም አይነቅዝም» የሚል አባባል አለን። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለን። በስብሰባና በሥራ ቦታ የሚያዋጣን ሁለተኛው ነው፤ ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራልና። በ2009 በፔታሕ ቲክቫ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጆችን አንቀበልም ባሉ ጊዜ፣ ጉዳዩ እስከ ትምህርት ሚኒስቴር የደረሰው ድምፅ ስለተሰማ ነው።

ችሎታው አለን፤ የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው

ያለ ወረቀት መናገር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአገር ቤት በላ ልበልሃ የሚሟገተው ሰው ጽሑፍ አልነበረውም። ሽማግሌዎቻችን ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ የደም ጠብ ሲያበርዱ የተናገሩት ከልባቸው ነው።

ነገር ግን በእኛ ባህል መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ምርቃት፣ ከዚያ ምሳሌ፣ ጉዳዩ በመጨረሻ ይመጣል። አድማጩ ሽማግሌውን አክብሮ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። እዚህ ግን የሚሰጠን ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ጉዳዩ ላይ ሳንደርስ «ቶዳ ራባ» ተብለን እንቀመጣለን። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው፤ ጉዳዩ ይቅደም።

አራት ነገሮች

1. ማን ነኝ፣ ምን እጠይቃለሁ? በአንድ ዓረፍተ ነገር።
2. ለምን? አንድ ምክንያት ብቻ። አምስት ምክንያት ከደረደርን አድማጩ ደካማውን መርጦ ይመልስልናል።
3. አንድ ምሳሌ። በዓይናችን ያየነው፣ በቤታችን የሆነ።
4. ጥያቄውን ደግመን እንቀመጥ።

ለምሳሌ አንዲት እናት እንዲህ ትበል፦ «የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ድጋፉ እንዳይቆም እጠይቃለሁ። ምክንያቱም እኛ ቤት በዕብራይስጥ የቤት ሥራ የሚረዳ ሰው የለም። ልጄ ባለፈው ዓመት ማንበብ ይከብዳት ነበር፤ በዚህ ድጋፍ ዛሬ ብቻዋን ታነባለች። ስለዚህ ድጋፉ ይቀጥል፤ የሚቆም ከሆነም በምን እንደሚተካ ዛሬ ንገሩን።» ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቃል ከጠፋን «ሬጋ፣ ባቫካሻ» ብለን ትንፋሽ እንውሰድ። ጥያቄው ካልገባን እንዲደገምልን እንጠይቅ፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ለማሰብም ጊዜ ይሰጠናል። በአስተርጓሚ ስንናገር ዓረፍተ ነገራችን አጭር ይሁን፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ቆም እንበል። በከባድ ጉዳይ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርግ፤ ሸክሙ ለልጅ ይከብዳል።

በሥራ ቦታ፦ ሺሙዓ

መናገር ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን እዚህ ነው። አሠሪ ሠራተኛን ከማሰናበቱ በፊት ሠራተኛው ሐሳቡን እንዲያሰማ ለሺሙዓ ሊጠራው ይገባል። ሠራተኛው ምክንያቱን አስቀድሞ የማወቅ፣ ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ የማግኘትና ጠበቃ ወይም ተወካይ ይዞ የመቅረብ መብት አለው።

በድንገት ወደ ቢሮ ጠርተው «ይህ ሺሙዓ ነው፣ ተናገር» ቢሉን፣ የመጀመሪያው ንግግራችን ስለ ሥራችን መከራከር መሆን የለበትም። እንዲህ እንበል፦ «ምክንያቱን በጽሑፍ እንድትሰጡኝና ሌላ ቀን እንድትቀጥሩልኝ እጠይቃለሁ።» ቀጥለን «ባቫካሻ ሊርሾም ባፕሮቶኮል» እንበል፤ የተናገርነው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ ማለት ነው። ያልገባንን ወረቀት በዚያች ሰዓት አንፈርም። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው ሲዩዓ ሚሽፓቲ ሄዶ መብት እንዳለው ይጠይቅ።

በቀጠሮው ቀንም ያው አራቱ ነገሮች ይሠራሉ፦ «በሥራዬ መቀጠል እፈልጋለሁ» ብለን እንጀምር፣ አንድ ምክንያትና አንድ ምሳሌ እንስጥ፣ ጥያቄያችንን ደግመን እናብቃ። ቁጣና ስድብ ግን በፕሮቶኮል ከተጻፈ የሚጎዳው እኛን ነው።

በቡና ሰዓት እንለማመድ

ቡና ሲፈላ አንዱ ድንገት ጥያቄ ያንሳ፦ «የሕንፃው መብራት ለምን አይጠገንም?» «ለዚህ ሥራ ለምን እንቅጠርህ?» ሌላው በአንድ ደቂቃ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ ይመልስ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በምንችለው ዕብራይስጥ። ልጆች ሰዓት ይያዙ፤ ሲስቁብን አብረን እንሳቅ። በቤት የተሳሳተ ሰው በስብሰባ ላይ አይደነግጥም።