ስለሚያሸና መድኃኒትና ከእርሱ ጋራ ስለማይስማሙ ነገሮች

በሰው ሰውነት ውስጥ ውኃና ጨው በልክ ሲሆኑ ጤና ይጸናል። ልብ ሲደክም ወይም ኩላሊት ሲታመም ግን ውኃ በሰውነት ይከማቻል፤ እግር ያብጣል፤ መተንፈስም ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ሐኪም የሚያሸና መድኃኒት ያዛል፤ ለደም ግፊትም እንዲሁ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ከታወቁት ፉሮሴማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ስፓይሮኖላክቶን ይገኛሉ። መድኃኒቱ ኩላሊት ጨውን በሽንት እንዲያወጣ ያደርጋል፤ ውኃም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። የፊተኞቹ ሁለቱ ለልብ የሚያስፈልገውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ጭምር ያስወጣሉ፤ ሦስተኛው ግን ያስቀረዋል።

ይህ መድኃኒት በልኩ ሲወሰድ ይጠቅማል፤ ከማይስማማው ጋራ ሲገናኝ ግን ይጎዳል።

1ኛ፤ በደሴ ገበያ ቆሞ የዋለ ሽማግሌ ጉልበቱን ቢያመው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ይውጥ ይሆናል። እነዚህ ጨውንና ውኃን ስለሚያስቀሩ እብጠቱ ይመለሳል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም ያሳንሳሉ። ኤናላፕሪል ከተጨመረበት ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል።

2ኛ፤ ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት፣ ፖታሲየም ባነሰ ጊዜ እንደ መርዝ ይሆናል። ምልክቱ ማቅለሽለሽ፣ ነገር ሁሉ ብጫ ሆኖ መታየትና የልብ ምት መዛባት ነው።

3ኛ፤ ስፓይሮኖላክቶንና ኤናላፕሪል አብረው ሲወሰዱ ፖታሲየም ከልክ በላይ በዝቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሁለቱን ባዘዘ ጊዜ ደምን በየጊዜው ማስመርመር ይገባል።

4ኛ፤ ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ ከፉሮሴማይድ ጋራ ጆሮን ሊያደነቁር ይችላል።

5ኛ፤ ኮሶና ሌላም ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት በሰውነት የቀረውን ውኃና ፖታሲየም ያሟጥጣል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ግን 1850 ሜትር ያህል ስለሆነች ትሞቃለች። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ወደዚያ ሲወርድ ላብ ስለሚጨምርበት ራሱ ሊዞር ይችላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ረመዳንን ወይም ሌላ ጾም የሚጾምም ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ በገዛ ፈቃዱ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ማንበብ ያልተማሩ ሽማግሌዎች የመድኃኒታቸውን ስም አይለዩም። ስለዚህ የተማረ ልጅ የአያቱን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ሳያስቀር፣ በአንድ ከረጢት ሰብስቦ ለሐኪም ወይም ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ ያሳይ፤ አዲስ መድኃኒትም ከመገዛቱ በፊት ይጠይቅ።

ጥያቄ።
1. የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉልበቱን ቢያመው ምን ማድረግ ይገባዋል?
2. ፖታሲየም ሲያንስም ሲበዛም አደጋ የሚሆነው ስለ ምንድር ነው?