ስለ ቅዱስ ጋብቻና ስለ ሰው ክብር

ጋብቻ በሰው ልማድ የተጀመረ ሳይሆን፥ እግዚአብሔር በገነት የመሠረተው፥ ጌታችንም በቃና ዘገሊላ ተገኝቶ ያከበረው ምሥጢር መሆኑን ሁላችን ተምረናል። ይሁን እንጂ በዘመናችን ስለዚህ ምሥጢር ብዙ ጥያቄ ይነሣል። በመተማ ዮሐንስ አንድ ወጣት ምእመን ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ፥ «አባታችን፥ በውጭ አገር ወንድ ከወንድ፥ ሴት ከሴት በሕግ ይጋባሉ ሲባል እንሰማለን። ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ምን ታስተምራለች? እንዲህ ያለ ሰውስ በመካከላችን ቢገኝ ምን እናድርገው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ምሥጢሩ፥ ሁለተኛው ስለ ሰውየው ነው። ሁለቱን መቀላቀል ከባድ ስሕተት እንደሚያመጣ እኔ ራሴ በጥፋቴ የተማርሁት ስለ ሆነ፥ መልሱን ከፍዬ ለመጻፍ ወደድሁ።

፩ኛ፤ ቤተ ክርስቲያን የምትባርከው ጋብቻ

ቤተ ክርስቲያን የጋብቻን ትምህርት የምትጀምረው ከሥነ ፍጥረት ነው። እግዚአብሔር ሰውን በአርአያው ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠረ (ዘፍ. 1፥27)፤ ሁለቱም አንድ ሥጋ እንዲሆኑ ሥርዐት ሠራ (ዘፍ. 2፥24)። ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ በጠየቁት ጊዜ ጌታችን የመለሳቸው ወደዚሁ ወደ ጥንቱ ሥርዐት ነው (ማቴ. 19፥3-9)። ቅዱስ ጳውሎስም የባልና የሚስትን አንድነት በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን አንድነት መስሎ አስተማረ (ኤፌ. 5፥31-32)። ስለዚህ ደናግል በተክሊል፥ ሌሎችም ንስሓ ገብተው በቁርባን ሲጋቡ፥ ካህኑ የሚባርከው አንድ ወንድንና አንዲት ሴትን ነው። ይህን ለመለወጥ ለቄስም ለጳጳስም ሥልጣን አልተሰጠም፤ የተቀበልነውን እንጠብቃለን እንጂ እኛ አልሠራነውምና።

በሌላው ዓለም ሕጉ ተለውጧል። ኔዘርላንድ በ2001፥ ደቡብ አፍሪካ በ2006 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች እንዲጋቡ ፈቅደዋል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፥ ጋብቻ ብላ ሳትጠራው፥ ከሥርዐተ ቅዳሴ ውጭ ለእንዲህ ያሉ ጥንዶች ቡራኬ መስጠት እንደሚቻል ባስታወቀች ጊዜ፥ እኅታችን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በየካቲት ወር በዚያው ዓመት ከርሷ ጋር የነበራትን የሃይማኖት ውይይት አቋርጣለች። ስለ ምሥጢሩ የኦርቶዶክሳውያን መልስ ግልጽ ነው።

፪ኛ፤ መንግሥት የሚመዘግበው ጋብቻ

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ሲኖረው፥ እስከ 22 ያለው ስለ መንፈሳዊ ነገር፥ ከ23 ጀምሮ ያለው ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራል። ስለ ጋብቻ የሚናገረው ግን አንቀጽ 24 ነው፤ ይኸውም በሥጋዊው ክፍል ይገኛል። ስለምን? ቢሉ፥ ጋብቻ ጸጋ ያለበት ምሥጢር ሲሆን፥ ደግሞ ቤት፥ ከብት፥ ውርስና ልጅ ያለበት የኑሮ ውል ስለ ሆነ ነው።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖትና በአገር ልማድ የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ተቀበለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲፈጸም፥ ባልና ሚስትም እኩል መብት እንዲኖራቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ቀጥሎም የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረጉ። እንግዲህ የመዝገቡ ሹም ጸጋ አይሰጥም፤ ካህኑም ውርስ አያካፍልም። ለእያንዳንዱ የተሰጠው ሥራ ሌላ ነው።

፫ኛ፤ በደጃችን ያለው

መተማ የቆላ አገር ነው። በክረምት ለአረም፥ በጥቅምትና በኅዳር ለሰሊጥ አጨዳ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በሱዳን ጦርነት ምክንያት ብዙ ስደተኛ በገላባት በኩል ተሻግሮ መጥቷል። ዘመድና ሽማግሌ በሩቅ ባለበት በእንዲህ ያለ አገር፥ ያለ ተክሊልም ያለ ውልም አብሮ መኖር ይበዛል።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጣች። ከአንድ ሰው ጋር ሦስት ዓመት ኖራ፥ ለሠራተኞች ምግብ እየሠራች ገንዘቡን አብራው አጠራቅማ ነበር፤ እርሱ ግን ሰሊጡን ሸጦ ሄደ። «እንደ ባልና ሚስት ስንኖር አይተዋልና በፍርድ ቤት ይመስክሩልኝ» ብላ ለመነችኝ። እኔም፥ «ያለ ተክሊልና ያለ ቁርባን ለኖረ ሰው ካህን አይመሰክርም» ብዬ ሰደድኋት። እርሷ የጠየቀችኝ ግን ቡራኬ አልነበረም፤ ያየሁትን እውነት እንድናገር ነበር። በምስክርነቴ ለልጇ አባት፥ ለድካሟም ዋጋ ልታገኝ ትችል ነበር። ምሥጢሩን የጠበቅሁ መስሎኝ ድኻን በደልሁ። ወዴት እንደ ሄደች ብጠይቅም አላገኘኋትም።

፬ኛ፤ ስለ ሰውየው

አሁን ወደ ወጣቱ ሁለተኛ ጥያቄ እመለሳለሁ። የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን ግብረ ሥጋ ይቀጣል። ነገር ግን የሚቀጣው ዳኛ፥ የሚፈርደውም ማስረጃ ሰምቶ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 16 ማንኛውንም ሰው ከአካል ጉዳት ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዝዛል። በእርሻው ካምፕ ብዙ ሰው በአንድ ዳስ ተጠጋግቶ ያድራል። በዚያ አንድ ሐሜተኛ የተናገረው ቃል ዱላ ያነሣል፤ ዱላውም የሰው ደም ያፈስሳል። ለዚህ ካህን ቃል ካቀበለ፥ ከደሙ ዕዳ ነጻ አይሆንም።

«ኦሪት በሞት ትቀጣ የለምን?» የሚል ይኖራል። ኦሪት ሰንበትን የሻረውንም፥ ወላጆቹን የሰደበውንም በሞት ትቀጣ ነበር። እኛ ግን ያቺን በዝሙት የተያዘች ሴት ከድንጋይ ያዳናትን፥ ዳግመኛም እንዳትበድል ያዘዛትን ጌታ እናመልካለን (ዮሐ. 8፥3-11)። በዚያ ቀን ትእዛዙም ምሕረቱም ከአንድ አፍ ወጡ፤ ካህንም አንዱን ከሌላው ሊለይ አይገባውም።

«እንግዲያውስ አትምቱ ካልን ሥራውን ፈቀድን አይደለምን?» የሚልም አለ። አይደለም። ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ ተክሊል አናደርግም፤ ቢታመሙ ግን እንጠይቃቸዋለን፥ ቢራቡ እናበላቸዋለን፥ ደመወዛቸው ቢቀማ እንመሰክርላቸዋለን። ለዚህም ሰው እንዲሁ ነው። ወደ ንስሓ አባቱ ቢመጣ እንደ ማንኛውም ተነሳሒ ይሰማዋል፤ ምሥጢሩንም እስከ ሞት ይጠብቅለታል። ባይመጣም አርአያ እግዚአብሔር ከፊቱ አልተፋቀምና አይደበደብ፥ ከሐኪም ደጅ አይከልከል፥ የሠራበትን አይከልከል።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን፤ ስለ ሩቅ አገር ሕግ በቁጣ ከመናገር በፊት በእጃችን ያለውን እንሥራ። ሙሽራዋን ከወላጆቿ ለይተን ዕድሜዋንና ፈቃዷን እንጠይቅ፤ 18 ዓመት ያልሞላትን፥ ወይም ያልፈቀደችውን አናጋባ። የተጋቡትን ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት መዝገብ እንዲያስመዘግቡ እንምከር። ተትታ ለምትመጣ ሴት ያየነውን እንመስክር። ሐሜትም ሲነሣ እሳቱን እናጥፋ እንጂ አናራግብ። ተክሊሉን ለማን እንደምንሰጥ ሥርዐቱ ያዘናል፤ ርኅራኄን ግን ከማንም እንድንነሣ የሚያዝዝ ሥርዐት የለንም።

አምላካችን ምሥጢሩን በንጽሕና፥ ሰውንም በፍቅር የምንጠብቅበትን ልቡና ይስጠን፤ አሜን።