ፍርሃት በወንድና በሴት አካል

በአዘናና በአዊ አገር ኹሉ ፈረስ የለመደ ሰው፥ ጸጥ ብሎ የቆመ ፈረስም በውስጡ ደንግጦ ሊኾን እንደሚችል ያውቃል። የሰውም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ሲጨነቅ፥ በኵላሊቶቹ ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ቅመሞች ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፥ ጡንቻም ይበረታል። ይህ በወንድም በሴትም አለ፤ ነገር ግን መጠኑ ይለያል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 በጀርመን አገር የትሪር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ ሰውን በዳኞች ፊት አቁመው በንግግርና በሒሳብ የሚፈትኑበትን፥ ኮርቲሶሉንም ከምራቅ የሚለኩበትን መንገድ ገለጡ። በዚህ መንገድ በተደረጉ ብዙ ፈተናዎች የወንዶቹ ኮርቲሶል ከሴቶቹ ይልቅ ከፍ ሲል ታየ፤ ሴቶቹ ግን የተሰማቸው ጭንቀት ከወንዶቹ የሚያንስ እንዳልኾነ ተናገሩ። በሴት ዘንድ መጠኑ እንደ ወር አበባዋ ጊዜ ደግሞ ይለዋወጣል።

ይህ የተፈተነው በዐዋቂዎች ቢኾንም ለትምህርት ቤት ምክር አለው። ወንድ አይፈራም ማለት ሐሰት ነው፤ ዝም ያለች ልጅ አልተጨነቀችም ማለትም ሐሰት ነው። እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ልጆችን በጉባኤ ፊት ከማቆማችሁ በፊት በጥቂት ሰው ፊት አለማምዷቸው፤ እናንተም ሽማግሎች፥ ልጅን ፈሪ እያሉ መስደብን ከልክሉ።