ዘይት የጠጣ ወለል

ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። ይህ ጨዋታ የተካሄደው በኬንያው በኩል ባለችው፣ ከዋናው መንገድ ዳር በሚገኝ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። ጠያቂው ጋራዡን በቅርቡ የከፈተ ወጣት ነው። መላሹ በሁለቱም ሞያሌ ሊሾ ሲያለሰልሱ ያረጁ ግንበኛ ናቸው፤ ሰፈሩ “ፉንዲ” ቢላቸውም ልጁ “ጋሼ” ይላቸዋል።

ልጁ፦ ጋሼ፣ ወለሉን ላሳምረው ነው። ናይሮቢ አንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ ግራጫ ኢፖክሲ የተቀባ ወለል አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። ፊት ያሳያል። ሁለት ቆርቆሮ ገዝቼ በሩሎ ልቀባው አስቤያለሁ።

ጋሼ፦ መሸጫ ውስጥ ያለ መኪና ታጥቦ ገብቶ ታጥቦ ነው የሚወጣው። አንተ ጋ የሚገባውስ?

ልጁ፦ አይሱዙ፣ ፉሶ፣ አልፎ አልፎም ተሳቢ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዐቢይና ኡሁሩ ኬንያታ የጋራ ድንበር ጣቢያውን ከመረቁ ወዲህ ከዚያም ከዚህም ይመጣሉ።

ጋሼ፦ እንግዲህ ከኢሲዮሎ ተነስቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ላይ የጋለ ጎማ ነው ወለልህ ላይ የሚቆመው። ይህን ልብ በል፤ ኋላ እንመለስበታለን። ለመሆኑ ይሄ አርማታ መቼ ተሞላ?

ልጁ፦ ከበሩ በኩል ያለው አሮጌ ነው፤ ስከራየውም ነበረ። የጓዳውን በኩል እኔ ነኝ ያስሞላሁት፤ ወር አልፎታል።

ጋሼ፦ ወር ካለፈው ደህና። 28 ቀን የሚባለው ለወግ አይደለም፤ የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ቀለምም ማሸጊያም ባይነካው ይመረጣል። ውሃስ ስንት ቀን አጠጣኸው?

ልጁ፦ ሦስት ቀን። በዚህ ከተማ ውሃ በጄሪካን እየተገዛ ከዚያ በላይ እንዴት ብዬ?

ጋሼ፦ ብዙ ሰው አርማታ የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃው ጋር እየተዋሐደ ነው፤ ውሃው ተንኖ ካለቀ ሥራውን አቋርጦ ይቀራል። ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበት ይፈልጋል። ውሃ ሲወደድ ጆንያ አርጥበህ ታለብሰዋለህ፣ ከጆንያው በላይ ላስቲክ ትጥላለህ፤ አንድ ባልዲ የአምስትን ያህል ይሠራል። እስቲ በመዳፍህ ጥረገው።

ልጁ፦ ነጭ ዱቄት ያዘ።

ጋሼ፦ ይኸው። ላይ ላዩ ሳይጠነክር ደርቋል። እዚህ ላይ የምትቀባው ቅብ የሚይዘው ዱቄቱን ነው እንጂ ወለሉን አይደለም። ዱቄቱ ሲነሳ ቅብህም አብሮት ይነሳል።

ልጁ፦ አፍርሼ ልሙላው ማለት ነው?

ጋሼ፦ ኧረ አትቸኩል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ላዩን በመፍጫ ማሽን ታነሳዋለህ፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ ነው። ግን በአፍንጫና በአፍህ ላይ ደህና ማስክ አድርግ፤ የአርማታ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አሁን ያን የውሃ ጠርሙስ አቀብለኝ።

ልጁ፦ ይኸው።

ጋሼ፦ እዚህ አዲሱ ላይ ጠብ ሳደርገው ተመልከት። ጠቆረ፣ ሰረገ። አሁን ደግሞ ፉሶው የሚቆምበት ቦታ እንሂድ። አየህ? እንክብል ሆኖ ቆመ። ዘይት የጠጣ አርማታ እንደተሟሸ ምጣድ ነው፤ ላዩ ላይ የፈሰሰውን አይዝም። ውሃ ያልገባበት ቀለምም አይገባበትም። የትኛውንም ቀለም ከመግዛትህ በፊት ይህን ጠብታ በየሁለት እርምጃው ሞክር፤ ገንዘብ አያስወጣም።

ልጁ፦ ዘይቱን አሲድ አያወጣውም?

ጋሼ፦ አያወጣውም። ይህን ስንቱ ተሳስቶበታል! አሲድ የሚበላው ኖራውን ነው፤ ከዘይት ጋር ጉዳይ የለውም። አዲስ የፈሰሰውን ሰጋቱራ ወይም አመድ ነስንሰህ ታስመጥጠዋለህ። የከረመውን በሙቅ ውሃና ቅባት በሚቆርጥ ሳሙና በሽቦ ብሩሽ ታሸዋለህ፤ ትጠርጋለህ፤ እንደገና ታሸዋለህ። ከዚያ ጠብታውን ትሞክራለህ። አሁንም እንክብል ከሆነ መፈጨት ነው ያለው። የናፍታና የግራሶ እድፍ ዓመታት ከሰነበተ ግን ፈጭተኸውም ከሥር እየወዛ ይመጣል። ለዚህ ነው የበሩ በኩል ያሳሰበኝ።

ልጁ፦ እርጥበቱስ? ከላይ ደረቅ ነው።

ጋሼ፦ ከላይ ማየት አይበቃም። ክንድ የምታክል፣ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነች ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀህ 16 ሰዓት ተዋት። ስታነሳት ከሥሯ ጤዛ ካለ፣ ወይም ወለሉ ከጠቆረ፣ መሬቱ እያላበው ነው። ያን ጊዜ ላዩን በኢፖክሲ ከደፈንከው እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቅቡን አሳብጦ ይገነጥለዋል። ስለዚህ ቦረና “ጋና” የሚለው የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ላይ ይህን ሥራ አትጀምር። በቦናው ወራት ሥራው።

ልጁ፦ እሺ፣ ጸዳ፣ ደረቀ እንበል። ቀለሙን እንዴት ነው የሚጠጣው?

ጋሼ፦ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ነው፤ የአርማታው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ የፈለግኸውን ዓይነት ታገኛለህ። ሁለተኛው አሲድ ያለበት ነው፤ ውስጡ የብረት፣ የማንጋኒዝ ወይም የመዳብ ጨው አለ። አሲዱ ላዩን ይከፍትለታል፣ ጨውም ሲሚንቶው ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ቀለም ይሆናል። ይሄኛው አይላጥም፤ የድንጋዩ አካል ሆኗላ። ግን ምርጫው ጠባብ ነው፦ ቡናማ፣ ጠይም፣ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ። አንድ ወጥም አይሆንም፤ እዚህ ይጠቁራል፣ እዚያ ይፈዛል። አንድ ዓይነት ካልሆነ የሚናደድ ሰው አይሞክረው። እኔ ግን ያን መዥጎርጎሩን ነው የምወደው።

ልጁ፦ ለዚህ ከተማ የቱ ይስማማል?

ጋሼ፦ ቀይ ቡናማው። ውጭ ያለውን አፈር እየው፤ ግራጫ ብትቀባ ከሰዓት በኋላ ቀይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ድሮ እኛ ቀይ ሊሾ ስንሠራ ይህ ሁሉ አልነበረም። ሊሾው ገና እርጥብ ሳለ የብረት ዝገት ዱቄት ከሲሚንቶ ጋር ነስንሰን በፍራታሶ እናሸዋለን፣ ሲጠነክር ሰም እየቀባን እንወለውላለን። እንደሱ የተሠራ ሳሎን ዛሬም አልደበዘዘም። ያ ግን የሚሠራው ሲሞላ ነው፤ ለተሞላ ወለል አሁን ያልኩህ ነው ያለው።

ልጁ፦ አሲዱን ራሴ ብቀባው?

ጋሼ፦ ትችላለህ፣ ግን ስማኝ። ጓንት፣ ቦቲ፣ የዓይን መከላከያ። በርና መስኮት ክፍት። ማቅጠን ካስፈለገ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምር፤ ውሃ አሲድ ላይ እንዳትደፋ፣ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። ባልዲውም መርጫውም ፕላስቲክ ይሁን። ደግሞ ቁልፎችህን፣ ኩሽኔታህን፣ ያለህን ብረት ሁሉ ከቤቱ አውጣ፤ ትነቱ ብቻ በአንድ ሌሊት ያዝግልሃል። እዚያ ጥግ ጋ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሞክረህ ቀለሙን ሳታይ ሙሉውን አትጀምር።

ልጁ፦ ከቀባሁ በኋላ?

ጋሼ፦ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቀህ አሲዱን ትገድለዋለህ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ ታፈስበታለህ፤ አረፋ ይላል፤ አረፋው እስኪያቆም ታሸዋለህ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ ታጥባለህ። ሲደርቅ ነጭ ጨርቅ ወስደህ ወለሉን ጥረግ፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ አልጸዳም፣ ድገመው። እዚህ ላይ ውሃ ቆጥበው ሥራ ያበላሹ ብዙ አይቻለሁ፤ ዝቃጩ ከተረፈ ማሸጊያው አይጣበቅም። እጣቢውን ደግሞ ወደ መንገድ አትልቀቀው። በዚህ ሰፈር ፍየሉ ያገኘውን ኩሬ ይጠጣል። በርሜል ውስጥ ሰብስበው።

ልጁ፦ አሁን ወደ ኢፖክሲዬ እንምጣ።

ጋሼ፦ እንምጣ። ማሸጊያ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ላይ ላዩን እንደ ቆዳ የሚሸፍን ነው፦ አክሪሊክ፣ ኢፖክሲ፣ ፖሊዩሬቴን። ሌላው ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ነው፤ ከላይ ምንም አይታይም። ከሚሸፍኑት ርካሹ አክሪሊክ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙን ያወዛዋል። ነገር ግን ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፣ የጋለ ጎማም ያነሳዋል። ቅድም ልብ በል ያልኩህ ይህን ነው። የሞቀ ጎማ ላስቲኩን የሚያለሰልስ ዘይት ያወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰብና የያዘውን ቅብ ይዞ ይነሳል። ጠዋት መኪናው ሲወጣ የጎማው ቅርጽ ወለሉ ላይ ተልጦ ታገኘዋለህ።

ልጁ፦ ኢፖክሲስ?

ጋሼ፦ ኢፖክሲ ጠንካራ ነው፤ ዘይትም ናፍታም ይችላል። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ የተፈጨ ወለል ከሰጠኸው ጎማውንም ይችላል። ግን በር አካባቢ ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል። ዘይት ጠብ ሲልበት ያንሸራትታል፤ የመጨረሻው ድርብ ሳይደርቅ ንጹሕ የተነፋ ደረቅ አሸዋ ካልነሰነስክበት ሠራተኛህ ክሪክ ተሸክሞ ይወድቃል። ሙቀትም አይወድም። ሁለቱን ፈሳሽ ከቀላቀልክ በኋላ ያለህ ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያ ጊዜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ባልዲ ውስጥ ካቆየኸው ራሱን አግሎ ይደርቅብሃል። ጥቂት ጥቂት ቀላቅል፣ ቶሎ ወለሉ ላይ አፍስሰህ ዘርጋ።

ልጁ፦ እንግዲያው በማለዳ ልቀባው።

ጋሼ፦ ሁሉም እንዲህ ይላል። በማለዳ ከቀባኸው አርማታው ከቀኑ ጋር እየሞቀ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ሰፍቶ ሊወጣ ሲል ቅቡን በአረፋ ይሞላዋል። ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ ጀምር። ወለሉ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቅቡን ወደ ውስጥ ይስባል። በሩን ዝጋ፣ ከደጅ ያለውን አፈር ውሃ እርጨው፤ ነፋሱ ቀይ አቧራ ይዞ ከገባ ቅብህ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ልጁ፦ ቁርጡን ንገሩኝ ጋሼ። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ከበሩ በኩል፣ ከባድ መኪና የሚቆምበትን፣ አትቀባው። ዘይት የጠጣ ነው፣ የጋለ ጎማ ይቆምበታል፣ ክሪክና ሰንሰለት ይወድቅበታል። የቻልከውን አጽዳ፣ ፍጨው፣ ከዚያ ሲሊኬት የሚባለውን ፈሳሽ አጠጣው። ሲሊኬት ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ወለሉን ያጠነክራል፣ ብናኙም ይቆማል። የሚላጥ ነገር የለውም። አያምርም፤ ግን ጋራዥ ነው።

ልጁ፦ የጓዳው በኩልስ? ለመለዋወጫና ለደንበኛ መቀመጫ ነው ያሰብኩት።

ጋሼ፦ እሱን አሳምረው። ዱቄቱን ፈጭተህ አንሳ፣ ቀይ ቡናማውን አሲድ ቀለም አጠጣው፣ አጥበህ አድርቀው። እዚያ ሲሊኬት ከቀለሙ በፊት እንዳታስነካ፤ ኖራውን ቀድሞ ይጨርሰውና አሲዱ የሚዋሐደው ያጣል። ከላዩ ቀለም የሌለው ፖሊዩሬቴን በሁለት ስስ ድርብ። አንድ ወፍራም ድርብ ከሁለት ስስ ይሻላል የሚል ካለ ሻጭ ነው። ኢፖክሲ ለመግዛት የያዝከው ገንዘብ ለመፍጫው ማሽን ኪራይና ለሳሙናው ይዋል።

ልጁ፦ መቼ ነው መኪና የማስገባው?

ጋሼ፦ በሲሊኬቱ በኩል በማግስቱ። ጓዳው ላይ ሰው ከአንድ ቀን በኋላ ይረግጣል፤ መኪና ወይም ከባድ ነገር ግን ሰባት ቀን ሳይሞላው አይግባ።

ልጁ፦ ሾፌሮቹ ጓዳው ባዶ መሆኑን ሲያዩ አስገባን እያሉ ይለምኑኛል እኮ። ጭነት ይዘው ነው የሚመጡት።

ጋሼ፦ ውጭ ያቁሙ። በስድስተኛው ቀን አንድ አይሱዙ ካስገባህ የመጀመሪያውን ድርብ እንደገና ከመፍጨት ትጀምራለህ፤ እኔም ያን ጊዜ አልመጣም።