የትናንቱን ባሕር ዛሬ መለካት፦ ሞዴልና ምልከታ እንዴት ይቀናጃሉ?

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ይሁንና ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ ከጅቡቲ ወደብ ጋር ተሳስራ ኖራለች። ከባሕር ጋር የሚያገናኛት ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በፓስፊክ ውቅያኖስ የተከሰተው ኤል ኒኞ የ2007ቱን ክረምት ሲያደርቀው፣ በአጎራባቹ ሲቲ ዞን ብዙ ከብት አለቀ፤ በአገር ደረጃም የምግብ እርዳታ ፈላጊው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ባሕሩና ዝናባችን ምን ያህል እንደሚገናኙ ለማወቅ ግን የአንድ ዓመት መረጃ አይበቃም፤ የብዙ አሥርት ዓመታት ያስፈልጋል። ያኔ ማን ለካው? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ሀ. የድሮው ልኬት

ከሳተላይት በፊት የባሕርን ሙቀት በአብዛኛው የሚለኩት መንገደኛ መርከቦች ነበሩ። መርከበኛው በባልዲ ውሃ ቀድቶ ቴርሞሜትር ይከትበታል። በሸራ ባልዲ የተቀዳ ውሃ እስኪለካ ድረስ በትነት ይቀዘቅዛል። በኋላ የመጣው፣ ለሞተር ማቀዝቀዣ የሚገባውን ውሃ የመለካት ዘዴ ደግሞ ሞቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። መርከብ ያላለፈበት ባሕር ጭራሽ አይለካም። ለምሳሌ ስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1975 ተዘግቶ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ሲዞሩ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ቀይ ባሕር መንገደኛ አጣ። የ1965ቱ የወሎ ረሀብ የደረሰው በዚሁ መሀል ነው።

ለ. ማቀናጀት

ክፍተቱን ለመሙላት ሞዴል ይገባል። ሞዴል የውሃን እንቅስቃሴ፣ ሙቀትና ጨዋማነት በፊዚክስ ሕግ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። ብቻውን ከተተወ ቀስ በቀስ ከእውነታው ይርቃል፤ ስለዚህ ልኬት በተገኘ ቁጥር ይታረማል። ይህ ዳታ አሲሚሌሽን ይባላል፤ ያለፉትን ዓመታት በሙሉ በዚህ መንገድ እንደገና ማስላት ደግሞ ሪአናሊሲስ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ያዘጋጀው ኦራስ5 እ.ኤ.አ. እስከ 1958 ድረስ ወደኋላ ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። ሞዴሉ 28 ዲግሪ አለ እንበል፤ የስህተት መጠኑ 1 ዲግሪ ነው። መርከቡ 27 ለካ፤ ስህተቱ 0.5 ነው። ክብደት የሚሰጠው በስህተቱ ስኩዌር ግልባጭ ስለሆነ ሞዴሉ 1፣ ልኬቱ 4 ያገኛሉ፦

(28 × 1 + 27 × 4) ÷ 5 = 27.2

የውጤቱ ስህተት 0.45 ገደማ ነው፤ ከሁለቱም ያንሳል። የማቀናጀት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሐ. ጥንቃቄ

እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ አርጎ የሚባሉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ባሕር ውስጥ ተሰማርተዋል። ዛሬ ወደ 4000 የሚጠጉ ሲሆኑ፣ እስከ 2000 ሜትር ጠልቀው በየ10 ቀኑ ብቅ እያሉ መረጃ ይልካሉ። መረጃው በአንዴ ሲበዛ ሪአናሊሲሱ ላይ ዝላይ ሊታይ ይችላል። ለመመረቂያ ጽሑፉ ፋይሉን አውርዶ ቀጥታ መስመር የሚያሰምር ተማሪ ይህን ዝላይ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፦ የተለወጠው ባሕሩ ነው ወይስ መለኪያው? በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ ስንት ልኬት ነበር? ኦራስ5 ስሌቱን በ5 የተለያዩ ቅጂዎች ስለሚያቀርብ፣ ቅጂዎቹ የሚለያዩበትን መጠን ማየትም ይረዳል።

መልመጃ፦ ከላይ ባለው ምሳሌ የልኬቱ ስህተት 2 ዲግሪ ቢሆንስ? መልሱ 27.8 ነው፤ ወደ ሞዴሉ ተጠጋ። ልኬት ጭራሽ ከሌለ 28 ላይ ይቀራል። ስዊዝ በተዘጋበት ዘመን ስላለው ቀይ ባሕር የምናወርደው ቁጥርም በአብዛኛው የሞዴሉ ቃል መሆኑን አንርሳ።