የዲ ኤን ኤ ሥራ ከናሙናው ይጀምራል

ይህን የምጽፈው በባዮሎጂ ወይም በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃችሁ፣ በጀሞ፣ በላፍቶ ወይም በመካኒሳ እየኖራችሁ፣ ዝርያዎችን በዲ ኤን ኤ ወደ ማጥናት መግባት ለምትፈልጉ ወጣቶች ነው። «መሣሪያ በሌለበት ምን እንሠራለን?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። ዲ ኤን ኤ የሚያነበው ማሽን ውድ ነው፤ ሆኖም ንባቡን በክፍያ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። የተበላሸን ናሙና ግን የትኛውም ማሽን አያድነውም።

ናሙናችሁ ዓሣ ከሆነ ከክንፉ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትበቃለች። ቁራጩን ወዲያውኑ 96 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ኢታኖል ውስጥ ክተቱ፤ ሥጋው ከፈሳሹ አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። ከሥጋው የሚወጣው ውኃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ አዲስ ኢታኖል ቀይሩለት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ለረጅም ጊዜ አያስተማምንም፤ አረቄ ደግሞ ከዚያም የቀጠነ ነው። ፎርማሊን ዲ ኤን ኤን ስለሚጎዳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በደንብ ኢታኖል የጠገበ ናሙና መብራት ቢጠፋም በክፍል ሙቀት ይቆያል፤ ይህ ለእኛ ከተማ ትልቅ እፎይታ ነው። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ጨምሩ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል፤ ስም የሌለው ናሙና ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ቁራጩ የተወሰደበትን ዓሣ ግን አትጣሉት። ሕያው ቀለሙ ሳይጠፋ ፎቶ አንሱትና ሙሉ አካሉን በቁጥር አስቀምጡት፤ ሙዚየም ቢያስገባላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ነገ አንድ ሰው «ይህ ዲ ኤን ኤ የማን ነው?» ቢል የምታሳዩት እሱን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው፤ በአንድ ዘረመል ብቻ መፍረድ። ኮራልን ውሰዱ። ኮራሎች ለረጅም ዘመን የሚለዩት በአጽማቸው ቅርጽ ነበር፤ ነገር ግን ያው ዝርያ ሞገድ በሚመታው ቦታና በጥልቅ ውኃ ሌላ ሌላ ቅርጽ ሊይዝ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በቅርጻቸው በአንድ ቤተሰብ የተመደቡ የአትላንቲክና የፓስፊክ ኮራሎች በዘር ሐረግ እጅግ የተራራቁ መሆናቸውን አሳየ። ዲ ኤን ኤ የቅርጽን ስህተት አረመ ማለት ነው። ይሁንና የኮራል ሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ፣ ለብዙ እንስሳት መለያ የሚሆነው ሲ ኦ አይ የተባለው ዘረመል የተለያዩ የኮራል ዝርያዎችን አንድ አድርጎ ሊያሳያችሁ ይችላል። በኮራሉ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ አልጌዎችም አሉ፤ ፕራይመራችሁ በጥንቃቄ ካልተመረጠ የምታነቡት የእነሱን ዲ ኤን ኤ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጣና እንምጣ። በሐይቁ ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ትላልቅ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ የሆላንድ ተመራማሪዎቹ ናጌልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፋቸው፣ በጭንቅላታቸውና በአመጋገባቸው ለይተው ገልጸዋቸዋል። አንዳንዶቹ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ ሌሎቹ ከሐይቁ ወለል ይለቅማሉ። በዕድሜ ወጣት ዝርያዎች ስለሆኑ ሚቶኮንድሪያቸው ብቻውን ሁሉንም አይለያቸውም። ምክንያቱ ከኮራሉ የተለየ ነው፤ የሚያስከትለው ስህተት ግን ያው ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ዓሦች በእያንዳንዱ ሕዋሳቸው የክሮሞዞም ስድስት እጥፍ ይይዛሉ፤ ሁለት እጥፍ ላላቸው እንስሳት የተሠራ የስሌት መንገድ እንዳለ ቢሠራባቸው ያሳስታል። ስለዚህ «ልዩነት አላገኘሁም» ስትሉ «በዚህ ዘረመል» የሚለውን መጨመር አትርሱ። ከኒውክሊየስ ዲ ኤን ኤም ማስረጃ ፈልጉ፤ የዓሣውን ልኬትም አጠገቡ አስቀምጡ።

ላቦራቶሪ የማይገኝላችሁ ከሆነ ላፕቶፕ ካላችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። ጂንባንክ ከተባለው ነፃ የመረጃ ቋት የጣናን ባርበሶች ሳይቶክሮም ቢ ዘረመል አውርዱ። ሜጋ የተባለው ፕሮግራምም ነፃ ነው፤ በእሱ ቅደም ተከተሎቹን አሰልፉ፣ ከሐይቁ ውጭ ያለ የሩቅ ዘመድ ጨምሩ፣ የዘር ሐረጉን ዛፍ ሥሩ። ቅርንጫፎቹ ላይ የሚወጣውን የቡትስትራፕ ቁጥር ተመልከቱ። ከ70 በታች ከሆነ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ታሪክ አትገንቡ። ቀጣሪ ፊት ስትቀርቡ ዛፉን ብቻ ሳይሆን የትኛው ቅርንጫፍ ለምን ደካማ እንደሆነ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ ሥራውን ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

ላቦራቶሪ የገባችሁ ደግሞ በእያንዳንዱ የፒ ሲ አር ዙር ናሙና የሌለበት አንድ ቱቦ ጨምሩ። እዚያ ቱቦ ውስጥ ምልክት ከወጣ ዙሩን በሙሉ ጣሉት፤ አለቃ ቢያስቸኩላችሁም እንኳ።

ናሙና ወደ ውጭ አገር ለንባብ መላክን በተመለከተ፣ የጄኔቲክ ሀብትን ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቃል። ከናሙናው ተለይቶ የወጣ ዲ ኤን ኤ በትንሽ ቱቦ ስለሚሄድ ከዚህ ነፃ ነው ብላችሁ አታስቡ። ፈቃዱን ለመስክ ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሲሰጣችሁም ቁጥሩን በመዝገባችሁ ከናሙናው ቁጥር አጠገብ አስፍሩ።